መለስተኛ ወንዝ በካያክ ስለ መቅዘፍና ስለ ጠለፋ ግድቦቻችን

(በማኅበሩ ዓመታዊ ጉባኤ ላይ የተደረገ ንግግር)



የዘንድሮውን ንግግር እንዳቀርብ የማኅበራችን ሥራ አስፈጻሚ ኮሚቴ በጋበዘኝ ጊዜ ርእሱን ራሴ እንድመርጥ ፈቅዶልኝ ነበር። ስለ ካያክ ቀዘፋ መናገር እፈልጋለሁ ባልሁ ጊዜ ግን ከኮሚቴው አባላት አንዱ፣ ይህ የስፖርት ጉዳይ እንጂ የምሕንድስና ጉዳይ አይደለም ሲሉ ቅር መሰኘታቸውን ገለጹልኝ። ቅሬታቸው ተገቢ ነው፤ መልሱንም በንግግሬ መካከል ያገኙታል ብዬ ተስፋ አደርጋለሁ። ለጊዜው ይህን ብቻ እላለሁ፤ እኛ መሐንዲሶች ወንዝን የምናየው ከዳር ቆመን ወይም በወረቀት ላይ በተነሣ ንድፍ ነው። ጀልባው ውስጥ እግሩን ዘርግቶ፣ ዓይኑ ከውሃው ገጽ አንድ ክንድ ተኩል ያህል ብቻ ከፍ ብሎ የሚመለከት ሰው ግን ያንኑ ወንዝ በሌላ መልክ ያየዋል። ከዚያ ዝቅተኛ ስፍራ ላይ ሆኖ ከሚታየው ነገር አንዱ ደግሞ እኛን በቀጥታ የሚመለከት ነው።

በመጀመሪያ ስለ ቃላቱ ጥቂት ልበል። ፈረንጆች «ነጭ ውሃ» የሚሉት ወራጅ ውሃ ከአለት ጋር ሲጋጭ ወይም ከእርከን ላይ ሲወርድ አየር ቀላቅሎ አረፋ የሚደፍቅበትን የወንዝ ክፍል ነው። የእንዲህ ያለው ወንዝ አስቸጋሪነት በዓለም አቀፍ ልማድ ከአንድ እስከ ስድስት በሚደርስ ደረጃ ይመደባል። በአንደኛው ደረጃ ውሃው ቢፈጥንም ሞገዱ ትንሽ፣ መሰናክሉም ጥቂት ነው፤ ስድስተኛው ደግሞ በጣም የሠለጠኑት እንኳ ከብዙ ዝግጅት በኋላ በነፍሳቸው ተወራርደው የሚገቡበት ነው። መለስተኛ የምለው ሁለተኛውንና ሦስተኛውን ደረጃ ነው። በሁለተኛው ደረጃ መተላለፊያው ሰፊና ከሩቅ የሚታይ ነው። በሦስተኛው ሞገዱ ወጣ ገባ ይሆናል፤ መተላለፊያውም ስለሚጠብ ቀዛፊው ጀልባውን በፈለገበት ቅጽበት ማዞር መቻል አለበት። ካያክ የሚባለው ላዩ ተሸፍኖ ቀዛፊው ከወገቡ በታች ውስጡ የሚቀመጥበት፣ በሁለት በኩል ምላስ ባለው መቅዘፊያ የሚነዳ ቀጭን ጀልባ ነው። ካኑ ግን ላዩ ክፍት ሲሆን ቀዛፊው ተንበርክኮ አንድ ምላስ ባለው መቅዘፊያ ይነዳዋል።

የአገራችን ሰው ለጀልባ እንግዳ አይደለም። በጣና ሐይቅ ላይ ከደንገል ተጠፍሮ የሚሠራው ታንኳ ከጥንት ጀምሮ ሰውና እህል፣ እንጨትና ከብት ሲያመላልስ የኖረ ነው። ነገር ግን ታንኳ የረጋ ውሃ ጀልባ ነው፤ ደንገሉ ውሃ እየጠጣ ስለሚከብድም ከጉዞ በኋላ ከዳር ወጥቶ መድረቅ አለበት። ከሐይቁ ወጥቶ ወደ ገደል የሚወርደውን ዓባይን በጀልባ ለመውረድ የሞከሩት የውጭ አገር ሰዎች ናቸው። እ.ኤ.አ. በ1968 እንግሊዛዊው ጆን ብላሽፎርድ-ስኔል የመራው ቡድን በጎማ ጀልባዎች ተጉዞበታል፤ በ1972 ደግሞ ማይክ ጆንስ የመራቸው ወጣቶች በካያክ ገብተውበታል፤ በ1973 ኦሞን በጎማ ጀልባ የወረዱት አሜሪካውያን ናቸው። እነዚህ ጉዞዎች በየመጽሐፉ ስለተጻፉ ልተዋቸው። ጀግንነት የማይጠይቀው፣ ባለ ሥራ ሰው በሰንበት ወጥቶ ማታ ወደ ቤቱ የሚመለስበት ወንዝ ለዛሬው ጉዳያችን የተሻለ አስተማሪ ነው።

እኔ ቀዘፋ የተማርሁት በሥራ ምክንያት ከምኖርበት ከሜሪላንድ ብዙ በማይርቀው በሸናንዶዋ ወንዝ ላይ ነው። ይህ ወንዝ ከዋሽንግተን አንድ መቶ ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ በምትገኘው በሃርፐርስ ፌሪ ከተማ ከፖቶማክ ጋር ይቀላቀላል። ከተማዋን ታሪክ የሚያነቡ ሁሉ ያውቋታል፤ ጆን ብራውን ባርነትን በጦር መሣሪያ ለመደምሰስ እ.ኤ.አ. በ1859 የተነሣባት ናት። ቀዛፊዎች ግን የሚያውቋት በሌላ ምክንያት ነው። ሚልቪል ከምትባለው ቦታ ጀምሮ እስከ ሁለቱ ወንዞች መገናኛ ባለው 10 ኪሎ ሜትር ያህል መንገድ ላይ ወንዙ መጀመሪያ ሰፍቶና ቀስ ብሎ ይሄዳል፤ ከዚያም ቡል ፎልስ የሚባለውን እርከን ይወርዳል፤ በመጨረሻም ወንዙን በአግድምና በሰያፍ የሚያቋርጡ የአለት ድርድሮች ተራ በተራ በሚገጥሙበት፣ ስሙም «ደረጃ» በተባለው ረጅም ስፍራ ላይ እየተንሸራተተ ፖቶማክ ውስጥ ይገባል። ሁለተኛና ሦስተኛ ደረጃ ማለት ይህ ነው።

በሚልቪል የወንዝ ልክ መለኪያ ጣቢያ አለ። ቀዛፊው ገና ጀልባውን መኪናው ላይ ሳይጭን የዚያን ጣቢያ ንባብ ይመለከታል፤ ውሃው ሲያንስ ጀልባው በየአለቱ ላይ ይፋቃል፣ ሲበዛ ደግሞ ማረፊያ የሚሆኑት ስፍራዎች ይጠፋሉ። እኛ በብዙ ድካም ሰብስበን መደርደሪያ ላይ የምናኖረው የፈሰስ መዝገብ በዚያ አገር ለተራው ሰው እንደ ማለዳ ጋዜጣ ነው። ይህን ስመለከት ጥቂት መቅናቴ አልቀረም።

መለስተኛ ወንዝ ላይ የሚያስፈልገው ዋናው ችሎታ የክንድ ብርታት ሳይሆን ውሃን ማንበብ ነው። ፊደሉም እንዲህ ነው። ውሃው በሁለት አለቶች መካከል ሲያልፍ ጫፉ ወደ ታች የሚያመለክት፣ ለስላሳና ጥቁር የሽብልቅ ቅርጽ ይሠራል፤ ይህ መንገድ ነው። የሽብልቁ ጫፍ ወደ ላይ የሚያመለክት ከሆነ ግን ከጫፉ ሥር የተደበቀ አለት አለ ማለት ነው። በአንድ ቦታ ቆሞ የማይንቀሳቀስ ረጅም ሞገድ ሲታይ ጥልቅ ውሃ መኖሩን ያመለክታል፤ ከጉብታ ቀጥሎ ድንገት የሚሰበር አረፋ ግን አለቱ ቅርብ መሆኑን ይናገራል።

ከሁሉ የሚደንቀው የአለት ጥግ ነው። ከወንዙ መካከል ብቅ ያለ አለት ውሃውን ሲከፍለው ከጀርባው ያለው ውሃ ጎድሎ ስለሚቀር፣ ያንን ጉድለት ለመሙላት ከታች ያለው ውሃ ሽቅብ ይመለሳል። ስለዚህም በሚጋልበው ወንዝ መካከል፣ አንዳንዴ ከአንድ ክፍል በማይበልጥ ስፋት፣ ጀልባን እንደ እናት እቅፍ የሚይዝ ጸጥ ያለ ውሃ ይገኛል። ቀዛፊው ወንዙን በአንድ ትንፋሽ አይወርደውም፤ ከጥግ ወደ ጥግ እየዘለለ፣ እየቆመና ወደ ታች እየተመለከተ ነው የሚወርደው። ችግሩ ቁልቁል የሚሄደውና ሽቅብ የሚመለሰው ውሃ የሚዋሰኑበትን መስመር መሻገር ነው። ከጥግ ወደ ዋናው ፈሳሽ ሲወጣ ሰውነት ወደ ታችኛው የወንዙ አቅጣጫ መጋደል አለበት፤ ወደ ላይ የተጋደለ እንደሆነ ፈሳሹ የጀልባውን ከንፈር ይዞ በቅጽበት ይገለብጠዋል። ጀማሪ ሁሉ በደመ ነፍስ ወደ ላይ ስለሚጋደል የመጀመሪያው ቀን ትምህርት በአብዛኛው ውሃ መጠጣት ነው።

ወንዙን ማቋረጥ ደግሞ የቬክተር ስሌት ነው። ቀዛፊው በረጋ ውሃ ላይ በሴኮንድ 2 ሜትር፣ ወንዙ በሴኮንድ 1.5 ሜትር ቢጓዙ፣ አፍንጫውን ሽቅብ አድርጎ ከፈሳሹ አቅጣጫ 41 ዲግሪ ያህል ሲያዘነብል ወደ ታችም ወደ ላይም ሳይል በቀጥታ ይሻገራል። የመሻገሪያ ፍጥነቱም በሴኮንድ 1.3 ሜትር ያህል ስለሚሆን 20 ሜትር ስፋት ያለውን ወንዝ በ15 ሴኮንድ ያቋርጣል። ይህን በጥቁር ሰሌዳ ላይ ለመሥራት ሁለት ደቂቃ ይበቃል፤ በጀርባ፣ በወገብና በጉልበት ለመማር ግን እኔ ሙሉ አንድ በጋ ወስዶብኛል።

የውሃ ኀይል በፍጥነቱ እርከን ሳይሆን በፍጥነቱ ካሬ እንደሚያድግ ሁላችንም እናውቃለን። ቀዛፊ ግን ይህን ሕግ በሥጋው ያውቀዋል። ጀልባ በአለት ላይ በጎኑ ተጋድሞ ሲያዝ ለውሃው የሚያጋልጠው ገጽታ 1.6 ሜትር ካሬ ቢሆን፣ ውሃውም በሴኮንድ 3 ሜትር ቢሮጥ፣ የግፊት ቁጥሩን 1.2 ብንይዝ በላዩ የሚያርፈው ኀይል ከ8,600 ኒውተን ያላነሰ፣ ማለትም የ880 ኪሎ ግራም ክብደት ያህል ነው። ፍጥነቱ ወደ ግማሽ ቢወርድ ኀይሉ ወደ ሩብ ይወርዳል። ስለዚህም ጀልባው ወደ አለት ሲወረወር ቀዛፊው ከአለቱ መሸሽ ሳይሆን ወደ አለቱ ተጋድሞ ማቀፍ እንዳለበት ይማራል፤ የላይኛው ከንፈር ከፍ ካለ ውሃው ከሥር ያልፋል፣ ዝቅ ካለ ግን ጀልባውን ሞልቶ እንደ ወረቀት ያጥፈዋል። ከጀልባው የወደቀ ሰው ደግሞ ከጉልበት በላይ በሆነ ፈጣን ውሃ ውስጥ ለመቆም መሞከር የለበትም። እግሩ በሁለት ድንጋዮች መካከል ከተቀረቀረ ውሃው ከጀርባው ገፍቶ በግንባሩ ይደፋዋል፤ ወገብ በማይሞላ ውሃም ይሞታል። በጀርባው ተንጋሎ፣ እግሩን ወደ ታችኛው አቅጣጫ ዘርግቶ መንሳፈፍ ነው ያለበት። ከዳር የወደቀ ዛፍም እንዲሁ ነው፤ ቅርንጫፎቹ ውሃውን ያሳልፋሉ፣ ሰውን ግን እንደ ወንፊት ያስቀራሉ።

እንግዲህ ይህ ሁሉ ማስጠንቀቂያ እያለ መለስተኛ ወንዝ ስለ ምን ብዙ ሰው አይገድልም? ይህ ጥያቄ ለረጅም ጊዜ በአእምሮዬ ሲመላለስ ቆይቷል። ተንሳፋፊ ጃኬትና የራስ ቁር አንዱ ምክንያት ነው። ሌላው ምክንያት ግን በወንዙ ተፈጥሮ ውስጥ ያለ ነው። የተፈጥሮ እርከን ወጣ ገባ ነው። አንድ ስፍራ ላይ ውሃው ጠልቆ ቢገለበጥ ከጎኑ ሁለት ሜትር ርቆ በምላስ መልክ ያልፋል። አንዱ አለት የያዘውን ሌላው አለት የሚከፍተው ፈሳሽ ይለቅቀዋል። በቡል ፎልስ የተገለበጠ ጀማሪ ጥቂት ተንደባልሎ፣ ውሃ ጠጥቶና አፍሮ፣ ከታች ባለው ሰፊ ኩሬ ላይ ብቅ ይላል። ያልተስተካከለ ነገር ሁሉ ቀዳዳ አለው፤ ሰውም በቀዳዳው ይወጣል።

አሁን ወደ እኛ ልምጣ። ቀዘፋ ያስተማሩኝ በዕድሜ የገፉ ሰው በመጀመሪያው ቀን ካርታ ዘርግተው ነበር። ቡል ፎልስ የትኛው ነው፣ ደረጃ የሚባለውስ ከየት ይጀምራል እያልሁ በጉጉት ስጠይቅ፣ እሳቸው ከሃርፐርስ ፌሪ 90 ኪሎ ሜትር ያህል ወደ ታች፣ ከዋሽንግተን ከተማ ጥቂት ከፍ ብሎ በፖቶማክ ላይ የተሠመረች አጭር መስመር በቀይ እርሳስ ከበቡ። «ሌላውን ሁሉ ትማረዋለህ፤ ይህን ግን አትማረውም፣ አትቀርበውም እንጂ» አሉኝ።

ያቺ መስመር የብሩክሞንት ግድብ ናት። የአሜሪካ ጦር ሠራዊት መሐንዲሶች ለዋሽንግተን ከተማ የመጠጥ ውሃ ለመጥለፍ እ.ኤ.አ. በ1959 የሠሯት ዝቅተኛ የኮንክሪት ግድብ ስትሆን፣ ውሃው በሙሉ ርዝመቷ ላይ እኩል ፈስሶ ይወርዳል። ከእርሷ በላይ የሚገኘው ግሬት ፎልስ የሚባለው ታላቅ ፏፏቴ ከአንድ ማይል ባነሰ ርቀት ውስጥ 23 ሜትር ያህል ይወርዳል፤ ድምፁ ከሩቅ ይሰማል፣ ሲያዩትም ያስፈራል። ብሩክሞንት ግን ከዚያ ጋር ሲነጻጸር የቤት ደጃፍ ደረጃ ትመስላለች። ይሁንና በዚህች ደረጃ ሥር ብዙ ሰው አልቋል፤ ከእነርሱም መካከል ዋና የሚያውቁ፣ ተንሳፋፊ ጃኬት የለበሱም ነበሩ። የአሜሪካ ነፍስ አድን ሠራተኞች እንዲህ ላሉት ዝቅተኛ ግድቦች ሁሉ ያወጡላቸው የወል ስም «የማስጠሚያ መኪና» የሚል ነው። ስያሜውን እንደ መሐንዲስ ስሰማው ይከብደኛል፤ ምክንያቱም መኪናውን የሠራነው እኛ ነን።

መኪናው እንዴት እንደሚሠራ በቁጥር ላሳይ። አናቱ ከወለሉ 2 ሜትር ከፍ ያለ፣ አናቱም በለስላሳ ጉብታ የተሠራ አንድ የጠለፋ ግድብ እናስብ። በእያንዳንዱ ሜትር ርዝመት በሴኮንድ 1 ሜትር ኩብ ውሃ ሲያፈስ በአናቱ ላይ ያለው ውሃ 60 ሴንቲ ሜትር ያህል ይሆናል፤ ይህ በማናቸውም የክረምት ቀን የሚታይ ነገር ነው። ብክነቱን ብንተወው ውሃው ከግርጌ ሲደርስ በሴኮንድ 7 ሜትር ይሮጣል፤ ውፍረቱም 14 ሴንቲ ሜትር ብቻ ይሆናል። የፍሩድ ቁጥሩ ከ5 ተኩል በላይ ነው። ተጓዳኙ ጥልቀት ሲሰላ 1.1 ሜትር ያህል ይመጣል። የግርጌው ውሃ ከዚህ ያነሰ እንደሆነ ዝላዩ ወደ ታች ተገፍቶ ይሄዳል፤ ወለሉንና ከወለሉ ቀጥሎ ያለውን አፈር ይቦረቡራል። የግርጌው ውሃ በጣም ከፍ ብሎ ወደ አናቱ የተጠጋ እንደሆነ ደግሞ ግድቡ ሰምጦ ውሃው በላዩ በሞገድ ያልፋል። በሁለቱ መካከል፣ ለምሳሌ 1.4 ሜትር ሲሆን ግን ዝላዩ ከግድቡ ግርጌ ተጣብቆ ይሰምጣል። ከላይ የመጣው ፈጣን ቅጠል ወለሉን እየላሰ ከሥር ይሄዳል፤ የላዩ ውሃ ደግሞ ወደ ኋላ፣ ወደ ግድቡ ይመለሳል።

ጀልባም፣ ሰውም፣ ግንድም በላይኛው ውሃ ወደ ግድቡ ይሳባል፤ በወራጁ ውሃ ተመትቶ ወደ ወለሉ ይወርዳል፤ ጥቂት ሜትር ርቆ ብቅ ይላል፤ ብቅ ያለበት ስፍራ ግን ወደ ኋላ የሚመለሰው ውሃ ግዛት ስለሆነ እንደገና ይሳባል። ውሃው በአየር የተሞላ በመሆኑ እንደ ወትሮው አያንሳፍፍም፤ ክንድም ጨብጦ የሚገፋው ነገር አያገኝም። ከዳር እስከ ዳር አንድ ዓይነት ስለሆነ እንደ ቡል ፎልስ ቀዳዳ የለውም፤ በሁለቱ ጫፎችም ቀጥ ያለ የኮንክሪት ግንብ ይጠብቃል። አበው ዓባይ ማደሪያ የለው ግንድ ይዞ ይዞራል ሲሉ ግንዱ ቢያንስ ወደ ፊት እየሄደ ነበር፤ በእንዲህ ያለው ግድብ ግርጌ ግን ግንድ ሳምንቱን ሙሉ በአንድ ቦታ ላይ ሲሽከረከር ይታያል።

የሚያሳዝነው ነገር በአጋጣሚ የተፈጠረ አለመሆኑ ነው። የማስከኛ ገንዳ ስንነድፍ የምንከተለውን መመሪያ አስታውሱ። ዝላዩ ተገፍቶ እንዳይወጣና ግርጌውን እንዳይቦረቡር የግርጌው ውሃ ከተጓዳኙ ጥልቀት ጥቂት እንዲበልጥ እናደርጋለን፤ ይህችንም ጭማሪ «የደኅንነት መጠባበቂያ» እንላታለን። ለግድቡ በእርግጥ ደኅንነት ናት። ዝላዩን በግድቡ ግርጌ አስሮ የሚያስቀምጠው ይኸው ጭማሪ ግን ሰውንም አስሮ የሚያስቀምጥ ነው። በተማርሁባቸው መጻሕፍት ሁሉ የአፈሩ መሸርሸር ምዕራፍ ነበረው፤ የሰው መስመጥ ግን አንድ አንቀጽ አልነበረውም። ሎይትሆይሰርና በርክ የተባሉ ሁለት መሐንዲሶች ይህን ጉዳይ በሙያው መጽሔት ላይ በግልጽ ያቀረቡት እ.ኤ.አ. በ1991 ነው፤ እነዚህ ግድቦች ግን ከዚያ በፊት ለብዙ ትውልድ ሲሠሩ ኖረዋል።

ሁለተኛው ክፉ ጠባያቸው አለመታየታቸው ነው። ከላይ ሆኖ የሚመጣ ሰው የሚያየው ወንዙን ከዳር ዳር የሚያቋርጥ አንድ ቀጥ ያለ፣ ለስላሳ መስመር ብቻ ነው። ግድቡ ውሃውን ስለሚያቁረው ከላዩ ያለው ኩሬ የረጋ፣ ለዋናም የሚጋብዝ ነው። አረፋው ከመስመሩ ማዶ ስለሆነ አይታይም፤ ድምፁም ወደ ታች ይሄዳል። ውሃ እያሳሳቀ ይወስዳል የተባለው ለዚህ የተነገረ ይመስላል። ሦስተኛው ደግሞ አዳኙንም መውሰዳቸው ነው። እ.ኤ.አ. በ1975 በኒው ዮርክ ግዛት በቢንግሃምተን ከተማ በሚገኝ ዝቅተኛ ግድብ ላይ ለነፍስ አድን የገቡ የእሳት አደጋ ሠራተኞች ጀልባቸው ተገልብጦ ሞተዋል። ከዚያ ወዲህ የነፍስ አድን ትምህርት የመጀመሪያው ሕግ፣ በጀልባ ወደ አረፋው አትቅረብ፣ ከዳር ሆነህ ገመድ ወርውር የሚል ሆኗል።

ይህ ሁሉ የሩቅ አገር ታሪክ ነው ትሉኝ ይሆናል፤ በኢትዮጵያ ወንዞች ላይ በሰንበት ካያክ የሚቀዝፍ ሰው ብዙ የለም። እውነት ነው። ነገር ግን የማስጠሚያው መኪና ለመሥራት ጀልባ አያስፈልገውም። ቆቃ እ.ኤ.አ. በ1960 ከተሠራ ጀምሮ በአዋሽ ላይ፣ ቀጥሎም በየክልሉ በሚገኙ ትንንሽ ወንዞች ላይ ለመስኖ የሚሆኑ ብዙ የጠለፋ ግድቦች ሠርተናል፤ ገናም እንሠራለን። በመስክ የሠራ ሰው ሁሉ የሚያውቀው ነገር አለ። ግድቡ እንደተሠራ የአካባቢው ሕይወት ወደ እርሱ ይሰበሰባል። ከላይ ባለው ኩሬ ከብት ይጠጣል፣ ልጆችም ይዋኛሉ፤ ከታች ልብስ ይታጠባል፤ የግድቡ አናት ራሱ የተስተካከለ ስለሆነ ወደ ገበያ የሚሄደው ሰው መሻገሪያ ያደርገዋል። በበጋ ይህ ሁሉ ምንም ጉዳት የለውም፤ በአናቱ ላይ የሚያልፈው ውሃ ቁርጭምጭሚት አይሞላም። ክረምት ሲገባና ውሃው ጉልበት ሲደርስ ግን ያው ሰው ያንኑ መንገድ ይሄዳል፤ ከእግሩ ሥር ያለው ነገር ግን አሁን የተቆጠረው 1.4 ሜትር ነው። ልጅ ወንዝ ወሰደው ይባላል። ወንዙ ብቻውን እንዳልወሰደው የምናውቀው እኛ ብንሆንም፣ በእኛ መዝገብ ላይ ግድቡ «ያለ አንዳች ጉዳት እየሠራ ነው» ተብሎ ይጻፋል።

ምን ይደረግ? ኮንክሪቱን ነቅለን እንጣል አልልም፤ የመስኖ ውሃ እንጀራ ነው። የብሩክሞንት ባለቤቶች ከብዙ ሞት በኋላ የመረጡት መንገድ በግድቡ ግርጌ የሚመለሰውን ውሃ የሚሰብር ሥራ ማከል ነበር። ከመጀመሪያው ታስቦ ከተሠራ ደግሞ ይበልጥ ይቀልላል። የግድቡን የታችኛውን ገጽ ለስላሳ ጉብታ ከማድረግ ይልቅ በእርከን መሥራት ውሃው በአንድ ጊዜ ሳይሆን ደረጃ በደረጃ ጉልበቱን እንዲያጣ ያደርገዋል። ትልልቅ ድንጋይ በሚገኝበት አገር፣ የእኛ አገር ደግሞ በዚህ አልተበደለችም፣ ከግርጌው ጀምሮ ረጅምና ሰያፍ የድንጋይ ቁልቁለት ማልበስ ይቻላል፤ ይህ ማለት ግድቡን ወደ «ደረጃ» ፈሳሽ መለወጥ ነው። ድንጋዮቹ ሆን ተብሎ ወጣ ገባ ሆነው ይደርደሩ። ለሥራ ተቋራጭ አስተካክለህ አትደርድር ብሎ ማዘዝ ለብዙዎቻችን እንግዳ ነገር እንደሚሆን አውቃለሁ። ሰው በአናቱ ላይ እንዳይሻገር ከፈለግን ደግሞ ማስጠንቀቂያ ሰሌዳ ብቻውን አይበቃም፤ ከጎኑ የእግረኛ ድልድይ ማድረግ ነው፤ የሚሻገረው ሰው ሰነፍ ሳይሆን ገበያ የሚቸኩል ነው።

ከዚህ ሁሉ በፊት ግን ወጪ የማይጠይቅ አንድ ሥራ አለ። በንድፍ ጊዜ የግርጌውን ውሃ የምንሰላው ለታላቁ ጎርፍ ነው፤ ለግድቡ የሚያሰጋው እርሱ ስለሆነ። ሰውን የሚይዘው ግን ታላቁ ጎርፍ አይደለም፤ በታላቁ ጎርፍ ጊዜ ወደ ወንዝ የሚቀርብ ሰው የለም፣ ግድቡም ብዙውን ጊዜ ይሰምጣል። የሚይዘው መካከለኛው፣ የተለመደው የሐምሌና የነሐሴ ውሃ ነው። ስለዚህ የተጓዳኙን ጥልቀትና የግርጌውን ውሃ ሁለት መስመሮች ከትንሹ ፈሰስ ጀምሮ እስከ ትልቁ ድረስ በአንድ ወረቀት ላይ ማንሣትና፣ የግርጌው ውሃ ከተጓዳኙ የሚበልጥበት ክልል በዓመት ስንት ቀን እንደሚቆይ መቁጠር ያስፈልጋል። በእጅ ቢሠራ ግማሽ ቀን፣ በኮምፒዩተር ጥቂት ደቂቃ ነው። የማኅበራችን የውሃ ክፍል ይህን ወረቀት ከንድፍ ሰነዶች ጋር እንዲያያዝ ቢጠይቅ ማንም የሚቃወም አይመስለኝም። አሁን በሥራ ላይ ላሉትም ግድቦች ያው ስሌት ቢሠራ የትኞቹ ቀድመው ድንጋይ እንደሚፈልጉ ይታወቃል።

መለስተኛውን ወንዝ ራሱን በተመለከተ፣ ለመማር የሚፈልግ ባልደረባ ካለ ከንግግሩ በኋላ ሊያነጋግረኝ ይችላል። ዋና ማወቅ ግዴታ ነው፤ ብቻውንም የሚሄድ የለም፤ ቢያንስ ሦስት ጀልባ ሊኖር ይገባል፣ አንዱ ቢገለበጥ አንዱ እንዲያወጣው፣ አንዱ ደግሞ ጀልባውን እንዲያሳድድ። የመቅዘፊያውንና የጃኬቱን ዋጋ እዚህ ብናገር ግን የባልንጀሮቼ ባለቤቶች ስለሚሰሙ እተወዋለሁ።

ለማሳያ ያመጣኋቸው ጥቂት ፎቶግራፎች አሉ፤ መብራቱን እባካችሁ አጥፉልኝ። የመጀመሪያው ከብሩክሞንት ከፍ ብሎ ካለው ዳርቻ፣ ካሜራውን ወደ ውሃው ገጽ ዝቅ አድርጌ ያነሣሁት ነው። ግድቡ በሥዕሉ መካከል ነው፤ ጥቂት ጊዜ ልስጣችሁና ፈልጉት።